ሁለት አብራሪ፣ አንድ ማዕድ

የመግሪብ አዛን ሲቃረብ የአፍንጮ በር ሰው ሳምቡሳና ቴምሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ባልም ሚስትም የአየር ኃይል አብራሪ ከሆኑ ግን አንዳቸው ቢሾፍቱ ተረኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ትዳሩን የሚፈትነው ተረኝነቱ ብቻ አይመስለኝም። ዘመድ «ልጁን ማን ያሳድገው?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ማብረር ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሴቶች ብቻ የሠሩበትን በረራ ወደ ባንኮክ አድርጓል። የሴቷ ችሎታ ታይቷል፤ የቀረው የቤቱ ድርሻ ነው።

ነገ የሚበር ይተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ አብራሪ አደጋ ነው። ያረፈው ሾርባውን ይሥራ፣ ልጁን ይያዝ። አፍጥር ቢያመልጥ ሱሁር አለ። እስልምና ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። እኛስ ለተጓዥ ሚስት ለምን እንከብዳለን?