ከሰሉ ከቀላ በኋላ

ገና ሲቃረብ የእሳት አደጋ ኮሚሽንና የትራፊክ ፖሊስ ማሳሰቢያ ያወጣሉ፤ ከሰል አጥፉ፣ ጠጥታችሁ አትንዱ። ምክሩ ልክ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ግን በግዴለሽነት ያሳብባል። በእኔ እምነት የበዓሉ ሌሊት አደጋ የባሰው በዓሉ ቤትና መንገድ ስለቀየረ ነው።

የኮንዶሚኒየም ሰፈሩን ቦሌ አራብሳን እንመልከት። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በዓል አከባበር የለመደው ግቢ ባለው ቤት ነው። እዚያ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ ዶሮው ለብቻው በቆመ ማድ ቤት ይሠራል፣ በቆርቆሮው ሥር ነፋስ ይመላለሳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ሳሎንና መኝታ ቤት የሚጋሩት አየር አንድ ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አይጣል ነውና ልጆቹን እንዳይመታቸው መስኮቱ ይዘጋል። በረንዳ ላይ የተቀጣጠለው ከሰል ሲቀላ «ጭሱ ወጥቶለታል» ተብሎ ይገባል። ቡናው ካበቃም በኋላ ፍሙ ቤቱን እንዲያሞቅ ይተዋል።

ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ቢሆን መስኮት ባስከፈተ ነበር። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደህና ከቀላ ፍምም ይወጣል። በደማችን ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ ኦክስጅኑ ድሮም ስስ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። ጠላ በተጠጣበት ሌሊት ይህን ከስካር ማን ይለየዋል? «ትንሽ ጋደም በል፣ ይለፍልሃል» ይባላል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ደግነት ነው። ሰውየው ንጹሕ አየር ቢያገኝ እንኳ በደሙ ያለው መርዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ጊዜው እጅግ ያጥራል። ሎሚ ማሸተት ለዚህ አይረዳም። መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰውየውን አውጥቶ ወደ እሳት አደጋ 939 ወይም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ነው።

መንገዱም እንደ ቤቱ ተቀይሯል። በአዲስ አበባ የትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በገና ሌሊት የ43 ቀን ጾም የጾመና ሲቆም ያመሸ ምእመን ከቦሌ መድኃኔዓለም ሲወጣ፣ ከአካባቢው መጠጥ ቤቶችም ሰው ይወጣል። አስፋልቱ ሰፊ ነው፤ ጭር ማለቱ ደግሞ ነዳጅ ያስረግጣል። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው የሚገጨው ግን ሲያቋርጥ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከገጨው አብዛኛው ይተርፋል፤ ፍጥነቱ ከ50 ሲያልፍ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል።

ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ መንገድ እንዘጋለን፤ ሹፌሩም አያጉረመርምም። ለገና ሌሊት እንዲህ ያለ ዝግጅት አልለመድንም። መዝጋቱ እንኳ ቢቀር፣ በየደብሩ አቅራቢያ መኪናን ቀስ የሚያሰኝ ጊዜያዊ ማገጃና ሁለት ፖሊስ ለጥቂት ሰዓት ማቆም ይቻላል። ቅዳሴው የሚያልቅበትን ሰዓት ደብሩ ያውቃል፤ ለክፍለ ከተማው ትራፊክ ፖሊስ አስቀድሞ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነው።