የሚያበራው ብረትና የነቀምቴ ላቦራቶሪ

ምዕራብ ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ ፕላቲነም መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ዛሬ ግን ስለ ማዕድን ፖለቲካ አላወራም። የማወራው ስለ ፕላቲነም ዘመድ፣ ስለ ሩቴኒየም ነው። (ዩብዶ ላይ ሩቴኒየም ይመረታል አላልኩም!)

እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊቷ ኬሚስት ጃክሊን ባርተንና ባልደረቦቿ አንድ የሩቴኒየም ውህድ አስተዋወቁ። ውህዱ ውሃ ውስጥ ጨለማ ነው። ዲ ኤን ኤ መካከል ሲሸጎጥ ግን ውሃው ስለማይደርስበት ይበራል። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች ሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ አር ኤን ኤን የሚያሳይ ብረት ነክ ውህድ እየሠሩ ነው። ሴሉን ሳይገድሉ ውስጡን ማየት ማለት ነው።

"ለነቀምቴ ምኗ ነው?" የሚል አይጠፋም። ነቀምቴ አር ኤን ኤን ከብዙዎቻችን በላይ ታውቀዋለች። እዚያ ያለው የሕብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ ለምዕራብ ኦሮሚያ የኤች አይ ቪ ቫይረስ መጠን ይለካል። የሚቆጠረው የቫይረሱ አር ኤን ኤ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1000 ቅጂ በላይ ከተገኘ ሕክምናው ይፈተሻል። ማሽኑ ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ ሴሉ ውስጥ የት እንዳለና ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አይነግረንም።

እውነቱን እንነጋገር፦ ብዙዎቹ የብረት ውህዶች የቫይረሱን አር ኤን ኤ ከሰውየው አር ኤን ኤ አይለዩም። ነገ ሆስፒታል ይገባሉ ብሎ የሚሰብክ ካለ አትመኑት። ገና የምርምር መሣሪያ ናቸው። እኔን የሚያጓጓኝም ይኸው ነው፤ ምርምሩ ገና አላለቀም፣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትም ሊገባበት ይችላል። ውህዱን መሥራት በመጠነኛ ላቦራቶሪ ይቻላል። ከባዱ ሴል ማራባቱ ነው፤ መብራት ለአንድ ሌሊት ከጠፋ የወር ልፋት አብሮ ይጠፋል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ "መንገዱ ሰላም ሳይሆን ስለ ሩቴኒየም?" ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። ከደምቢ ዶሎ ወይም ከሻምቡ የተላከ ደም መንገድ ላይ ከተበላሸ የትኛውም ማሽን አያድነውም። መንገዱ ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም። ግን "መጀመሪያ ሰላም" የሚለው ቃል የወለጋን ልጅ ለዘላለም ናሙና ላኪ አድርጎ ማስቀመጫ ሲሆን አልቀበልም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ አንድ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ከነጄኔሬተሩ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉና ላቦራቶሪው በጋራ የሚጠቀሙበት። ቁልፉም አንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ አይግባ።