ሽጉጡ ሄደ፤ አፎቱ ቀረ

በድሬዳዋ ከደቻቱ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በከዚራም በመጋላም፣ ከአያት የቀረ ሣጥን ሲከፈት አልፎ አልፎ አንድ ነገር ብቅ ይላል። ይኸውም ቆዳው የደረቀ፣ ክሩ የተፈታ ባዶ የሽጉጥ አፎት ነው። ሽጉጡ ተሸጦ ወይም ለመንግሥት ተመልሶ ይሆናል፤ አፎቱን ግን የፈለገው ስላልነበረ ቀርቷል። ዛሬ አስተያየት ልንሰጥ የምንወደው ስለዚሁ ፈላጊ ስላጣ ዕቃ ነው።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሐዲዱም የንግድ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ወታደርና ጠመንጃም ተመላልሶበታል። በግንቦት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ያዛት፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፉት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ገቡባት። ስለዚህ በከተማይቱ የሚገኝ አሮጌ አፎት ትውልዱ ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል። የኢጣልያኑ ቤሬታ አፎት ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ቆዳ ነው። እንግሊዞች በዚያ ጦርነት በብዛት የያዙት ከወፍራም ሸራ የተሠራውን ነው። አሮጌው የጀርመን ማውዘር ደግሞ ከእጀታው ጋር ሲገጠም እንደ ጠመንጃ ሰደፍ የሚያገለግል የእንጨት ማኅደር ነበረው። የአገራችንም ባለሙያ ለመጽሐፍ ማኅደር፣ ለጎራዴ አፎት፣ ለጥይት ዝናር ከቆዳ ሲሠራ ኖሯል።

አንዳንድ ወጣቶች «የጠላት ዕቃ ምን ይጠቅመናል?» ሲሉ እንሰማለን። የእኛ መልስ ይህ ነው፤ አፎቱን ያመጣው ጠላት ቢሆንም በሣጥን ያኖረው አያታችን ነው። ማርኮት ይሁን ገዝቶት፣ የት እንዳገኘው፣ ለምንስ እንዳልጣለው፣ ታሪክ የምንለው ይህንኑ ነው። ታሪኩ ያልተጻፈለት አፎት ግን ከቁራጭ ቆዳ አይበልጥም።

እኛም ራሳችን አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ከዘመድ የተሰጠንን አፎት እናሳምራለን ብለን ውስጡንም ውጭውንም በጫማ ቀለም ለቀለቅነው። አፎቱ አብረቀረቀ፤ በክዳኑ ሥር የነበረው የሠሪው ማኅተምና በእጅ የተጻፈው ስም ግን ጠፋ። የሰጠን ሰውም ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ፤ የማን እንደ ነበረ የሚነግረን ሌላ ምስክር አላገኘንም።

አያያዙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ቅባት ማብዛት ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ ክሩንም ያበሰብሰዋል። የድሬዳዋ ፀሐይ ቆዳን ሰንጥቆ ይጨርሳልና ከመስኮትና ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ይራቅ። በላስቲክ መጠቅለልም እርጥበት አምቆ ሻጋታ ያመጣል። ቅርጹ እንዳይጨማደድ ውስጡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይሞላ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ እንዳደረገው ጎርፍ ቤት ገብቶ ቢያርሰው፣ በእሳት ወይም በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ቆዳው ቀልቶ እንደ ዱቄት መርገፍ ከጀመረ ግን ቅባት አያድነውም፤ ብዙ ሳይነካኩ ለባለሙያ ማሳየት ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። አፎት ሰብሳቢ ሽጉጥ ፈላጊ አይሁን። የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን ሽጉጡን በአሮጌ አፎት ውስጥ ማኖር የለበትም፤ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋልና።

ይህን ሁሉ የመንግሥት ሙዚየም ይሥራው ብሎ መቀመጥም አይገባም። በጎረቤታችን በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቡት ቅርስ በራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም ለመሆን በቅቷል። የአንድ ሰው ትጋት ይህን ያህል ካደረገ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ወጣት ሠራተኞች ቢተባበሩ የሰፈራቸውን ቅርስ መዝግበው መያዝ አያቅታቸውም።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በዛሬው እሑድ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቃላቸውን ጻፉ፤ ቀኑንና ስማቸውንም አትርሱ። አቧራው የሚራገፈው ከዚያ በኋላ ነው።