አፍንጫው ተሠራ፣ ፓኬጁ አለቀ፤ ኢንፌክሽኑስ የማን ዕዳ ነው?

ቲክቶክ ላይ ትንሽ ከቆያችሁ ማየታችሁ አይቀርም። «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ቪዲዮ። በፊት ደፍጣጣ አፍንጫ፣ በኋላ ሰልካካ አፍንጫ። ፋሻው ይነሳል፣ ልጅቷ መስታወት አይታ ታለቅሳለች፣ ቪዲዮው እዛ ላይ ያበቃል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ቪዲዮው ካበቃ በኋላ ስላለው ነው።

የዚህ ገበያ ዋና ከተማ ሴኡል ናት፤ በተለይ ጋንግናም የሚባለው ሰፈር። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የውጭ ታካሚዎችን ተቀብላለች። አብዛኛው ለቆዳ ሕክምና የሄደ ነው፤ ለውበት ቀዶ ሕክምና የሄደውም ግን ቀላል ቁጥር አይደለም።

ምዕራቡ ዓለም ላይ አፍንጫ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አጥንት ይቀነሳል። ኮሪያ ውስጥ ግን በአብዛኛው ይጨመራል። የአፍንጫው ድልድይ ከፍ እንዲል ከቆዳው ሥር ሲሊኮን ይገባል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቅርጹም ያምራል። አብዛኛው ሰውም ያለ ችግር ይኖርበታል፤ ይሄን መካድ አይቻልም።

ችግሩ ያልታደሉት ላይ ነው። ሲሊኮን የደም ሥር የለውም። ባክቴሪያ አንዴ ከያዘው በላዩ ላይ ባዮፊልም የሚባል ስስ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል። አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው፤ እዛ ውስጥ በደንብ አይደርስም። ለዚህ ነው መድኃኒት ሲወሰድ እብጠቱ ጋብ ብሎ፣ ኪኒኑ ሲያልቅ መልሶ የሚያገረሸው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንድ ነው፦ ሲሊኮኑን ማውጣት።

«ያን ሁሉ ብር አውጥቼበት!» ብሎ መጠበቅ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ቆዳው ይሳሳል፣ ሊበሳም ይችላል። ውስጡ የሚፈጠረው ጠባሳ ሲኮማተር አፍንጫውን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ያጥራል። ኮሪያዎች ለዚህ «ጉቹክኮ» የሚል ስም አላቸው፣ የተኮማተረ አፍንጫ እንደማለት ነው። ስም እስኪወጣለት ድረስ የታወቀ ነገር ነው ማለት ነው። እንደገና ለመሥራት ብዙ ጊዜ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያኔም ከጆሮ ወይም ከጎድን ለስላሳ አጥንት ተወስዶ ነው። ከመጀመሪያው የከበደም፣ የተወደደም ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኢንፌክሽኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊመጣ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ፓኬጁ ግን የቀናት ነው። ከኤርፖርት መቀበያ አለው፣ ሆቴል አለው፣ አስተርጓሚ አለው። ከሦስት ወር በኋላ አፍንጫው ቀልቶ መግል ሲይዝ ግን ማን ያወጣዋል? አገር ቤት ያለው ሐኪም «ሌላ ሰው የሠራውን አልነካም» ሊል ይችላል። ደላላው ስልክ አያነሳም። ትርፉ ሴኡል ቀረ፣ ኪሳራው ታካሚው አፍንጫ ላይ መጣ።

ኮሪያ ዝም አላለችም። ከ2012 ጀምሮ የውጭ ዜጋም አቤት የሚልበት የሕክምና ክርክር አስታራቂ ተቋም አለ። በ2016 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ደግሞ የውጭ ታካሚ የሚጠራ ክሊኒክ መመዝገብና የካሳ ኢንሹራንስ መግባት አለበት። ከመስከረም 2023 ወዲህ ታካሚው ሙሉ በሙሉ የሚደነዝዝበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን በኢንስታግራም ደላላ፣ ባልተመዘገበ ክሊኒክ ለታከመ ሰው የወረቀት ጥላ ነው።

ነገሩ የኮሪያ ብቻ አይደለም። በ2023 ሜክሲኮ፣ ማታሞሮስ ከተማ ለውበት ቀዶ ሕክምና የሄዱ አሜሪካውያን በማደንዘዣ መርፌ ምክንያት በፈንገስ ማጅራት ገትር ተይዘው የሞቱ ነበሩ። ሕመሙ የታየውም ብዙዎቹ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ሆኖ ርካሽ ፓኬጅ ለሚያማርጥ አበሻም ሒሳቡ ያው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክሊኒኩ ተመዝግቧል ወይ? ኢንፌክሽን ቢመጣ የማውጫውን ወጪ ማን ይከፍላል? ስመለስ የሚያየኝ ሐኪም ማነው? ምን ዓይነት ኢምፕላንት እንደገባ የሚገልጸውን የሕክምና ወረቀትም ሳትይዙ አትመለሱ። ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነና አፍንጫው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ካለ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝታችሁ አትጠብቁ፤ በቃ፣ ያን ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የወጣ ሲሊኮን ይተካል፤ የተበሳ ቆዳ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

እናንተስ፣ ይሄ ዕዳ የማን መሆን አለበት ትላላችሁ?