ሳታመሳክሩ ሰው አትክሰሱ!

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። ኮድ የማትጽፉም ታገሱኝ፣ ነገሩ ከኮድ ያልፋል።

አቋሜን ላስቀድም። በጊት የሁለት ብራንች ልዩነት እንዴት እንደሚነበብ የማያውቅ ሰው በሌላ ሰው ሥራ ላይ መፍረድ የለበትም። ሲኒየር ይሁን ቲም ሊድ ግድ የለኝም።

ለምን? አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "የባልደረቦችሽን ኮድ አጥፍተሻል" ተባለች። ማስረጃው ምን ነበር? አለቃዋ ሜይንንና የሷን ብራንች በጊት ዲፍ በሁለት ነጥብ አወዳደረ፣ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። ቀይ ማለት የተሰረዘ ነው፣ በቃ፣ ጥፋተኛ ናት! ልጅቷ ግን ከሰው ኮድ አንድም መስመር አልነካችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራንቿን ሰኞ ከፈተች እንበል። ማክሰኞና ረቡዕ ሌሎቹ ሜይን ላይ አዲስ ኮድ ጨመሩ። ሐሙስ ሁለቱን ጫፎች በሁለት ነጥብ ስታወዳድሩ ጊት የሚነግራችሁ "ሜይን ላይ ያለው ይሄ ነገር እሷ ጋ የለም" የሚለውን ብቻ ነው። "የለም" እና "ሰረዘችው" አንድ ናቸው እንዴ? ጎረቤትህ ትናንት የገዛው በግ አንተ ግቢ ውስጥ ስለሌለ አርደህ በላኸው ይባላል?

በሦስት ነጥብ ብታወዳድሩ ኖሮ ጊት መጀመሪያ ሁለቱ ብራንቾች የተለያዩበትን ኮሚት ይፈልግና ከዚያ ወዲህ እሷ የቀየረችውን ብቻ ያሳያችኋል። ጊትሀብ ላይ ፑል ሪኩዌስት ስትከፍቱ የምታዩትም ይህንኑ ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። "ሁለቱ አሁን በምን ይለያያሉ?" ካላችሁ ሁለት ነጥብ። "ይቺ ልጅ ምን ሠራች?" ካላችሁ ሦስት ነጥብ። የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ማቅረብ ሰው ያስወነጅላል። ብራንቿ መርጅ ቢደረግ እንኳ የነዚያ ሰዎች ሥራ አይጠፋም ነበር፤ መርጅ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ሳይሆን የተነሱበትንም ኮሚት አይቶ ነው የሚሠራው።

በሌላ በኩል ደግሞ ምንም ሳያነቡ "ጥሩ ነው፣ አጽድቄዋለሁ" የሚሉ አሉ። "ጊት ኮንፍሊክት የለም ካለ ምን ቸገረህ?" ይሉኛል። ይቸግረኛል! ጊት የሚያወዳድረው የጽሑፍ መስመር ነው፣ ትርጉም አይገባውም። አንዱ ሜይን ላይ የፈንክሽን ስም ቀየረ፣ አንተ ብራንችህ ላይ በሌላ ፋይል ውስጥ በአሮጌው ስም ጠራኸው። መርጁ ያለ ምንም ኮንፍሊክት ያልፋል፣ ፕሮግራሙ ግን ይወድቃል። ስለዚህ ሦስት ነጥብም ብቻውን አይበቃም። ሜይንን መጀመሪያ ወደ ብራንችህ አምጣ፣ አስኪደህ ፈትሽ፣ ከዚያ መርጅ አድርግ።

"ይሄ ሁሉ ለነጥብ ነው?" ለሚለኝ አንድ ታሪክ ልንገረው። በ2003 እ.ኤ.አ. ጊት ገና አልተፈጠረም። የሊኑክስ ከርነል ዋና ኮድ የሚቀመጠው ቢትኪፐር በሚባል ሲስተም ነበር፣ ሲቪኤስ ላይ ደግሞ ቅጂው ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቅጂው ውስጥ ሁለት መስመር ሸጎጠ። ማወዳደሪያ ሁለት የእኩል ምልክት መኖር ባለበት ቦታ አንድ ብቻ አደረገ። በዚያች አንድ ምልክት ዘዴውን የሚያውቅ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን ይሆን ነበር። እንዴት ተያዘ? ቅጂው ከዋናው ጋር ሲመሳከር ዋናው ላይ የሌለ ለውጥ ተገኘ። ሊኑክስን ያተረፈው ማመሳከር ነው።

"ጊዜ የለንም" አትበሉኝ። ስብሰባ ጠርቶ ለመክሰስ ጊዜ ያለው ሰው ዲፍ ለማንበብ ጊዜ አያጣም።

ልጆቼ፣ እናንተም የድርሻችሁን ተወጡ። ብራንቻችሁን አታስረዝሙት፤ አንድ ብራንች አንድ ሥራ። የኮዱን አቀማመጥ ማስተካከልና አዲስ ሥራ በአንድ ኮሚት አትቀላቅሉ፤ ስምንት መቶ መስመር ስፔስ ውስጥ ሦስት መስመር ስህተት ማን ያገኛል? የሌላ ሰው ሥራ ስታዩም ዲፍ ላይ ዳሽ ደብሊው ጨምሩበት፣ የስፔሱን ለውጥ ይተወዋል። አንድ ቀን ደግሞ እናንተም ሲኒየር ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ቀይ መስመር ስታዩ ጣታችሁን ሰው ላይ ከመቀሰራችሁ በፊት "ከምን ጋር ነው ያወዳደርኩት?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

"ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ" ያሉት አባቶቻችን ጊትን አያውቁም ነበር፣ ሰውን ግን ያውቁታል።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ፣ እንከራከር። ግን መጀመሪያ ሦስተኛዋን ነጥብ ጨምራችሁ ሞክሩ!