ጎታ ውስጥ የእኛ እህል አለ ወይ?

ሐምሌ በገባ ቁጥር ፍራንክፈርት የምንኖር ወገኖች ቤታችን እንግዳ አያጣም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውም፣ ከአዲስ አበባ የሚመለሰውም፣ ከስቶክሆልም እኅቱን ሊጠይቅ የመጣውም በእኛ በኩል ነው መንገዱ። እንጀራው ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እዚህ አካባቢ ምን የሚታይ አገር አለ?» የእኛም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሃይድልበርግ። በባቡር አንድ ሰዓት ግድም፣ ከኔካር ወንዝ በላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ ከሥሩ ድልድይ፣ ፎቶግራፍ፣ አይስክሬም፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ዘንድሮ ግን ከአንድ ወዳጄ ለየት ያለ ጥያቄ መጣልኝ። ከፍራንክፈርት ወደ ላይፕዚግ ለመሄድ አስቦ ካርታውን ሲያገላብጥ መንገዱ ላይ «ጎታ» የሚል ስም አየ። «ይህቺ ጎታ ያቺ በጥናት ክበብ የተጨቃጨቅንባት ጎታ ናት? ወርጄ ግማሽ ቀን ባጠፋባት ያዋጣኛል ወይስ ዝም ብዬ ልለፋት?» አለኝ። የሌላም ሰው ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል መልሱን እዚህ አመጣሁት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነቀፌታውን ላስቀድም። ለዓይን ውበት ብቻ ከሆነ ጎታ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትወዳደር ትሸነፋለች። በዚያው የባቡር መስመር ቀድማ የምትገኘው አይዘናኽ ዋርትቡርግን ይዛለች፤ ማርቲን ሉተር በ1521 እና በ1522 ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመበት፣ ጫካ መሀል ተራራ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ግንብ ነው። ከኤርፉርት ቀጥሎ ደግሞ የእነጎተና የእነሺለር ከተማ ቫይማር አለች። የጎታው ቤተ መንግሥት ፍሪደንሽታይን ግን ነጭ፣ ሰፊ፣ ሦስት ክንፍ ያለው ሕንፃ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የጦር ሠፈር ይመስላል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ማማዎች እንኳ ጣሪያቸው አይመሳሰልም። የሐምሳ ዓመት ጉልበት ላለው ሰው ዳገቱም ዳገት ነው። በዚህ ላይ ሕንፃው ለዓመታት እድሳት ላይ ስለሆነ አንዳንዱ ክፍል ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

ከውስጥ ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በምዕራቡ ማማ ውስጥ በ1680ዎቹ የተሠራው ኤክሆፍ ቲያትር አለ። ከመድረኩ ሥር ያለው የእንጨት መዘውርና ገመድ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ሲዞር ትዕይንቱ በተመልካች ፊት በሴኮንዶች ውስጥ ይቀየራል። ወሬ ለሚወድ ደግሞ የሥዕሎቹ ታሪክ አለ። በ1979 ታኅሣሥ ወር፣ አገሩ ገና ምሥራቅ ጀርመን ሳለ፣ ሌቦች በሌሊት ገብተው አምስት የድሮ ሠዓሊዎች ሥራዎችን ይዘው ጠፉ። ሥዕሎቹ የተገኙት ከ40 ዓመት በኋላ በ2019 ነው። የጠፋ ዕቃ ለመመለስ ዕድሜ ይጠይቃል እንጂ ይመለሳል ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ማንም የጉዞ መጽሐፍ ይነግራችኋል። እኔ ሁለት ጊዜ የወሰደኝ ሌላ ነገር ነው።

በ1652 እዚህ ቤተ መንግሥት የአንድ ሐበሻ እግር ረግጧል። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፤ የአምሐራ መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊካውያኑ ጋር ወጡ፤ ዞረው ዞረው ሮም፣ በቫቲካን ጀርባ ባለው የሐበሾች ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ አረፉ። ግዕዝን ከመጽሐፍ የተማረው የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 እዚያ አገኛቸው። የጎታው መስፍን ኤርንስት ስለ ኢትዮጵያ ከሰው አፍ መስማት ስለፈለገ አባን አስጠራቸው፤ ሉዶልፍ አስተርጓሚ ሆኖ ለጥቂት ወራት ሲጠይቋቸውና ሲጽፉ ከረሙ። እንግዲህ አስቡት። ፋሲል ጎንደር ላይ ግንብ አቁመው ተቀምጠዋል፤ በዚያው ዘመን ከፋሲል የሸሸው መነኩሴ ከ1643 እስከ 1654 ሲሠራ በቆየው በሌላ ግንብ ውስጥ፣ ድንጋዩ እየተጠረበ፣ ስለ አገሩ ይናገራል።

ካቶሊክና ሉተራን ሠላሳ ዓመት ተፋጅተው የታረቁት ገና በ1648 ነበር። ሉተራኑ መስፍን ካቶሊኩን መነኩሴ በእንግድነት መቀበሉ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ንግግርና በኋላም በግዕዝ ከተጻጻፉት ደብዳቤ የወጣው ፍሬ ብዙ ነው። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስዉን በ1661 ለንደን፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ በመጨረሻም የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አወጣ። ይህ የመጨረሻው የታተመው የት መሰላችሁ? እዚሁ፣ እኛ ለሰባት ዩሮ ቡና የምንጨቃጨቅባት ፍራንክፈርት። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲጓዙ በዛሬዋ ቱርክ እስክንድሮን አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ቋንቋቸው መጽሐፍ ሆኖ ቀረ፤ እሳቸው አገር ሳይገቡ ቀሩ።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ። አዎን፣ ያቺው ጎታ ናት። በ1875 ግንቦት ሁለት የተኳረፉ የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲዎች ቲቮሊ በሚባል ቤት ተሰብስበው አንድ ሆኑ፤ ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ካርል ማርክስ ለንደን ሆኖ ፕሮግራማቸውን አብጠለጠለው፤ ትችቱም እሱ ከሞተ በኋላ በ1891 ታተመ። የእኛ ትውልድ የደረሰው ይህ ትችት ነው። ሌሊት በሻማ አነበብነው፣ ሸመደድነው፣ እርስ በርስ ተወራወርንበት። ሰዎቹ ጎታ የሄዱት ለመታረቅ እንደነበረ ግን ትዝ ያለው አልነበረም። ትችቱን ወረስን፤ አንድነቱን ለእነሱ ተውንላቸው። ቃል በቃል የምናውቃት ከተማ ውስጥ ከማርክስ ትችት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ አንድ ያገራችን ሰው እንደነበረ የነገረን ደግሞ የለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው፣ ፎቶግራፍ የሚፈልግ እንግዳ ሃይድልበርግ ይሂድ። ልጆች የያዘ አይዘናኽ ቢወርድ አይጸጸትም፤ ጎታ ከመጣም ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ ቱሪንገን ጫካ ድረስ የሚሄደው ትራም ልጆቹን ያስደስታቸዋል። አማርኛ የሚያነብ፣ በተለይም በዚያ ዘመን የጥናት ክበብ ውስጥ የነበረ ሰው ግን ጎታን ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ግማሽ ቀን ይበቃል። ባቡሩ ከፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ ፈጣኑ ሁሉ እዚያ ስለማይቆም ከመሳፈር በፊት ማየት ያስፈልጋል። ሰኞ አትሂዱ፤ ሙዚየሙ ዝግ ነው። የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነም ቀድሞ ስልክ መደወል ይሻላል።

ሲደርሱ በሰሜን በኩል ባለው ዋና በር ቆም በሉ። ቀድሞ በዚያ ኮረብታ ላይ የነበረው ምሽግ ግሪመንሽታይን፣ የቁጣ ድንጋይ፣ ይባል ነበር፤ በ1567 በጦርነት ወደቀ። መስፍኑ በፍርስራሹ ላይ የሠራውን ፍሪደንሽታይን፣ የሰላም ድንጋይ፣ አለው። በበሩ ላይ ሰላምና ፍትሕ እንደ ሁለት ሴቶች ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል፤ አጠገባቸው የተጻፈው ትርጉሙ ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይፈጃል ማለት ነው። ልጆቻችሁ በጀርመንኛ ያንብቡላችሁ፤ እናንተ በአማርኛ ተርጉሙላቸው።

ቸር ያሰንብተን።