የቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ ለበር ነው ወይስ ለማደሪያ?



ከመካነ ሰላምና ከአካባቢዋ ተምረው የወጡ ልጆቻችን ዛሬ በደሴ፣ በአዲስ አበባ፣ በውጭ አገርም አሉ። ለበዓል ሲመጡ «ለተማርንበት ቦታ አንድ ነገር ሠርተን እንለፍ» ማለታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ጥሪ ካቀረበ ወዲህ የመዋጮው ወሬ በየቦታው በርትቷል። ነገር ግን «ገንዘቡ ምን ይሠራበት?» ሲባል አንዱ የግንብ በር ይላል፣ ሌላው አዳራሽ ይላል፣ ሦስተኛው የአዋጪዎች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ይላል። እኔ በበኩሌ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ከገጠር ለሚመጣው ተማሪ የሚሆን ማደሪያ ቤት ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የገጠሩን ተማሪ ኑሮ የማያውቅ ሰው በሰፈራችን የለም። ልጁ እሑድ ማታ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ይገባል። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻግቷል፣ ሽሮው አልቋል። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከደብተሩ የሚለየው እሱ ነው። የሴት ልጅማ የባሰ ነው። ወላጅ «ልጄን ማን ዘንድ አሳድራለሁ?» ብሎ ሲሰጋ አንዳንዱ ትምህርቱን አስትቶ ይድራታል። ታዲያ ይህች ልጅ ትምህርቷን የምትተወው የትምህርት ቤቱ በር ስላላማረ ነው እንዴ? ማደሪያ ስላጣች እኮ ነው።

ተማሪን ማሳደር ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ በደብሩ ዙሪያ ጎጆውን ቀልሶ፣ ከየቤቱ ቁራሽ እየለመነ ዜማና ቅኔ ሲማር ኖሯል። ደረሳውም እንደ ዳናና እንደ ገታ ባሉ የዕውቀት ቦታዎች ከሸኾቹ እግር ሥር ሆኖ ኪታብ ሲቀራ የአካባቢው ሰው አብልቶታል፣ አሳድሮታል። በኋላም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በየወረዳው ባልነበረበት ዘመን ስንቱ ልጅ ከየወረዳው በእግሩ ተጉዞ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የገባው፣ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ጥግ ሰጥቶት ነው። ዛሬ ትልቅ ደረጃ የደረሱት ልጆቻችን ይህን አይረሱትም። ስለዚህ ማደሪያ ይሠራ ማለት የአባቶቻችንን ሥራ በቆርቆሮና በብሎኬት መቀጠል ማለት ነው።

በሌላው ዓለምም ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ከ1776 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተማሪዎች የወንድማማች ማኅበራት ተመሥርተዋል። ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ አባሎቻቸው አብረው የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ቤቱ ሲያረጅ ወይም ሲቃጠል አዋጥተው መልሰው የሚያቆሙት ቀድመው የተመረቁት ናቸው። የነሱ ቤት ጭፈራና መጠጥ የሚበዛበት ነው ተብሎ ይወቀሳል፤ ያንን ለእነሱ እንተወው። ከአሠራራቸው ግን አንድ የሚጠቅመን ነገር አለ። በብዙ ቦታ የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለማስተዳደር በሕግ የተቋቋመ የቀድሞ ተማሪዎች ድርጅት ሲሆን፣ የሚኖሩበት ተማሪዎች ደግሞ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ቤቱም በዚያ ይጠገናል። ቤት መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ቤት ማኖር ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አገር ታሪክም እናስታውስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ተዘርፈው ተወሰዱ፣ አምባውም ተቃጠለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደርሶ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን በተያዙበት ወቅት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰንብተዋል። ለዓመታት የተገነባ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ለመመለስ ግን ቶሎ የሚደርሰው በቦታው የተማረና ቦታውን የሚወድ ሰው ነው።

አንዳንዱ «ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ የመንግሥትም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ በጀት እስኪመጣ ክፍሉን አያቆምም። ሌላው ደግሞ «ልጆች ያለ ወላጅ አንድ ላይ ሲኖሩ ይባልጋሉ» ይላል። ዛሬስ ያለ ማንም ጠባቂ በየኪራይ ክፍሉ ተበትነው አይደለም እንዴ የሚኖሩት? ለሴቶችና ለወንዶች ለየብቻ ግቢ ተደርጎ፣ ምግባረ መልካም የሆኑ እናት ኃላፊ ቢሆኑበት፣ የማታ መግቢያ ሰዓት ቢወሰን ከአሁኑ ይሻላል እንጂ አይብስም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ 200 የቀድሞ ተማሪዎች በወር 100 ብር ብቻ ቢያዋጡ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። በዛሬው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ይህ ሕንፃ አያቆምም፤ ራሳችንን አናታልል። ነገር ግን በአሥሩ የትምህርት ወራት ቢከፋፈል በወር 24,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ መጀመሪያ ያረጀ ቤት ተከራይቶና አድሶ ለተቸገሩት ተማሪዎች መክፈት ይቻላል። አሠራሩ ከተለመደና እምነት ከተገኘ ወደ ግንባታው መሄድ ይቻላል። ከመሠረቱ ሳይጀምሩ ስለ ጣሪያው መጣላት ምን ዋጋ አለው?

እምነት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የሚሸሸው መዋጮን ሳይሆን መዋጮው የት እንደገባ አለማወቅን ነው። በዚህ በኩል ቅሬያችን ጥሩ አስተማሪያችን ነው። ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ይዞ የቆየው ገንዘብ ያዡ ስለሚታወቅ፣ ሒሳቡም በሰው ፊት ስለሚነበብ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት እንዲታሰቡ አሳስባለሁ፦

1ኛ/ አዋጪዎቹ በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ያቋቁሙ፤ ቤቱም በማኅበሩ ስም እንጂ በግለሰብ ስም አይሁን።

2ኛ/ ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ያለ ሦስት ሰዎች ፊርማ አይውጣ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን።

3ኛ/ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

4ኛ/ ተማሪው እንደ አቅሙ ትንሽ ይክፈል፤ ምንም የሌለው በጉልበቱ ያግዝ።

5ኛ/ ምርጫው በችግር እንጂ በዘመድ ወይም በሃይማኖት አይሁን።

የእኛስ የነዋሪዎቹ ድርሻ? ከሩቅ ያለው ብር ሲልክ እዚህ ያለነው እጃችንን አጣጥፈን ማየት የለብንም። ድንጋይ ማቅረብ፣ አሸዋ ማጓጓዝ፣ በጅጌ ወጥቶ መሠረት መቆፈር የእኛ ነው። እስከዚያም ክፍል የምናከራይ ሰዎች በትምህርት ዓመቱ መካከል በተማሪ ላይ ኪራይ ባንጨምር ያለ ምንም መዋጮ ግማሹን ሥራ ሠራን ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

በሩም፣ አዳራሹም፣ የስሙ ድንጋይም ጊዜያቸው ሲደርስ ይሠሩ፤ አልጠላም። አስቀድሞ ግን በበሩ የሚገባው ልጅ የሚያድርበት ያግኝ። የተለየ አሳብ ያለው ነዋሪ ካለ ጽፎ ከዚሁ ጎን ይለጥፍ፤ ሰሌዳው የሁላችንም ነው።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ